አስሮ ማጣራት ወይስ አጣርቶ ማሰር?

በልደታ ፍርድ ቤት ግቢ አንድ ጠዋት ያሳለፈ ሰው አንድ ዓይነት ክርክር ደጋግሞ መስማቱ አይቀርም። መርማሪ ፖሊሱ ይነሣና የምስክሮችን ቃል ተቀብሎ እንዳልጨረሰ፣ ያልተያዙ ግብረ አበሮች እንዳሉ፣ ከሆስፒታል ወይም ከባንክ የጠየቀው ማስረጃ እንዳልደረሰለት አስረድቶ ተጨማሪ 14 ቀን ይጠይቃል። ጠበቃው በበኩላቸው ደንበኛቸው ቋሚ አድራሻና የሚያስተዳድረው ቤተሰብ ያለው መሆኑን ይገልጻሉ፤ ቀሪውን ሥራ ፖሊስ ሰውዬውን ሳያስር ሊጨርሰው እንደሚችልም ይከራከራሉ። ጠበቃ የሌለው ደግሞ «የማውቀው ነገር የለም፤ በዋስ ልውጣ» ብሎ ይቀመጣል። ዳኛው መዝገቡን ያገላብጡና ቀን ይሰጣሉ። ጊዜ ቀጠሮ የሚባለው ይህ ነው።

የዘመናዊ ፖሊሳችን ታሪክ በአብዛኛው በዚህች አጭር ክርክር ውስጥ ተጠቅልሎ አለ። ወንጀልን የሚያጣራው ማን ነው? በምን ዘዴ? እስኪጣራ ድረስስ የሰው ነጻነት በማን እጅ ይቆያል? ሁለቱም ወገን እውነት አለው። የአንዱን ብቻ ሰምቶ መፍረድ ቀላል ስለሆነ ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ይሻላል።

ፖሊስ የሚባል ተቋም ከመምጣቱ በፊትም ወንጀለኛ የሚወጣበት መንገድ ነበረን። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ለአውጫጭኝ ወይም ለአፈርሳታ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሕዝቡ ይምላል፣ አድራጊው እስኪወጣ ድረስም ሥራውን ፈትቶ ይመላለሳል። የዚህ ሥርዓት ጉልበት ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ ማወቁ ነው። ድካሙም እዚያው ላይ ነበር፤ ንጹሑ ከጥፋተኛው እኩል ይንገላታል፣ ጠላት ያለበት ሰው ደግሞ በሐሜት ሊያዝ ይችላል። ስለ ሌባ ሻይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የሚያዝበት ዘዴ ቀርቶልናል።

ቁራኛ ግን ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ አንድ ላይ ታስረው አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ዛሬ ሲያዩት ጭካኔ ነው። ሆኖም ሰው ያሳሰረ ሰው ራሱም ይታሰር ስለነበር፣ በባዶ ሜዳ መክሰስ ከሳሹንም ዋጋ ያስከፍለው ነበር። መንግሥት የማሰሩን ሥራ ለብቻው ሲወስድ ያ ዋጋ ጠፋ። ዛሬ 14 ቀን የሚጠይቀው መርማሪ ማታ ቤቱ ይገባል፤ የሚያድረው ሌላው ነው። ቁራኛ ይመለስ የሚል ሰው የለም፣ እኔም አልልም። ያንን ዋጋ የሚተካ ነገር ግን መኖር ነበረበት። በሕግ የተተካው በዳኛ ጥያቄ ነው፤ ዳኛው አጥብቆ ካልጠየቀ ቦታው ባዶ ነው።

አዲስ አበባ እያደገች፣ ከየአገሩ የመጣ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሰው እየሞላት ስትሄድ አውጫጭኝ ለከተማዋ አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ1916 አዋጅ የሚያስከብር የከተማ ዘበኛ ተቋቋመ። ሕዝቡ ይህን ዘበኛ አልወደደውም፤ ወንጀል የማጣራት ችሎታም አልነበረውም። በጣልያን ወረራ ዋዜማ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ንጉሠ ነገሥቱ በብሪታንያውያን የሚሠለጥን ፖሊስ በአዲስ አበባና በሌሎች አራት ከተሞች እንዲቋቋም ፈቀዱ። ጦርነቱ አቋረጠው። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 6 ብሔራዊ ፖሊስ ተቋቋመ፤ ያደራጁትም ብሪታንያውያን መኮንኖች ነበሩ።

ብሪታንያ በዚያ ዘመን ሁለት ዓይነት ፖሊስ ነበራት። አንደኛው ሰር ሮበርት ፒል እ.ኤ.አ. በ1829 ለለንደን ያቋቋመው ነው። ሰማያዊ ልብስ ለብሶ፣ ጠመንጃ ሳይሆን ቆመጥ ይዞ በየመንገዱ በእግሩ የሚዞር ነበር። የለንደን ሰው ሰላይ ይሆንብናል ብሎ በጣም ስለሠጋ የመርማሪዎች ክፍል እንኳን የተቋቋመው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1842 ነው። ሁለተኛው ለአየርላንድና ለቅኝ ግዛቶች የተዘጋጀው ነው፤ የታጠቀ፣ በካምፕ የሚኖር፣ ለሕዝቡ ሳይሆን ለገዢው የሚታዘዝ። እኛ ቅኝ አልተገዛንም። አደረጃጀቱ ግን ወደ ሁለተኛው ያደላ ሆኖ መጣልን።

ይህን ብቻ ተናግሮ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ1934 ዓ.ም. የነበረችው ኢትዮጵያ ለንደን አልነበረችም። ከጦርነቱ የተረፈ መሣሪያ በየቤቱ ነበር፣ ሽፍታ መንገድ ይዘጋ ነበር። ከዚያ ቀደም በገጠር ሕግ የሚያስከብረው የመኳንንቱ የግል ጦር፣ የጌታውን ፈቃድ እያየ ነበር። ቆመጥ ብቻ የያዘ ፖሊስ እዚያ ቢላክ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ደመወዙን ከመንግሥት የሚቀበል፣ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ በአንድ ሕግ የሚሠራ ኃይል መምጣቱ ራሱ ትልቅ እርምጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 የሰንዳፋ ፖሊስ ኮሌጅ ተከፈተ። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ደነገገ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ይህንኑ አጽንቶ፣ ምርመራው ካላለቀ ፍርድ ቤቱ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ሊፈቅድ እንደሚችል ጻፈ። ስንት ጊዜ ሊፈቀድ እንደሚችል ግን አልተናገረም። የልደታው ክርክር ሥሩ እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

የንጉሡ ዘመን ፖሊስ ምን ላይ እንዳተኮረ ከአደረጃጀቱ ይታያል። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የአገሪቱ ፖሊስ ወደ 28,000 ይጠጋ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 6,000ው ፈጥኖ ደራሽ፣ 3,200ው ኮማንዶ፣ 1,200ው ድንበር ጠባቂ ነበሩ። ከሦስት ፖሊስ አንዱ ማለት ይቻላል ለግጭት እንጂ ለምርመራ የተዘጋጀ አልነበረም። ምዕራብ ጀርመን መሣሪያና ተሽከርካሪ ሰጠች፣ እስራኤል ኮማንዶ አሠለጠነች። ፖሊሱ የዙፋኑ ጠባቂ ተደርጎ ቢታይም ለዙፋኑ ታማኝ ሆኖ አልዘለቀም፤ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት የፖሊስ ኮሚሽነሩ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከነ መንግሥቱ ነዋይ ጎን ተሰልፈው ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ትምህርቱ መራራ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላየው እፈልጋለሁ። ደርግ ብሔራዊውን ፖሊስ አላመነውም። የባላባት ጠባቂ ነው ብሎ ሥልጣኑን ቀነሰ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ወደ 17,000 ወርዶ ነበር። የሰፈሩ ጥበቃ ለቀበሌው አብዮት ጥበቃ ተሰጠ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ይህ ብዙዎቻችን የምንመኘው ነው፤ ከሩቅ የመጣ ኮማንዶ ሳይሆን የሰፈሩ ልጅ ሰፈሩን ይጠብቃል። በተግባር የሆነውን ቀይ ሽብርን ያየ ትውልድ ያውቀዋል። የማን ልጅ ማታ የት እንደሚያድር፣ ማን ከማን ጋር እንደሚውል የሚያውቀው ጎረቤት ያንን ዕውቀት ለመግደያ አዋለው። የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች እስር ቤት ሆኑ። በአንጻሩ በአስመራ፣ ጦሩ የፖሊስን ሥራ በተረከበበት ወቅት፣ ከሥራ የተሰናበቱት ፖሊሶች ሕዝቡን ሥርዓት ካጡ ወታደሮች ለመጠበቅ ሲሉ ለተወሰነ ጊዜ በየቦታቸው ቆይተዋል። ስለዚህ ለሕዝብ መቅረብ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በማዕከል መደራጀትም ብቻውን ጭቆና አይደለም። ልዩነት የሚያመጣው ፖሊሱ የሚታዘዘው ለሕግ ነው ወይስ ለአለቃ የሚለው ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። 48 ሰዓቱን ጠብቋል፣ የተያዘ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ ሊሆን የሚችል ቃል እንዲሰጥ እንዳይገደድ ከልክሏል፣ ዋስትናን መብት አድርጎታል። ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ አቋቋሙ፣ የፌዴራል ፖሊስ ተደራጀ። በከተሞችና በገጠር ቀበሌዎች ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ የሚባለው አሠራር ተዘረጋ፤ ፖሊሱ ለአንድ ቀጠና ይመደባል፣ ከነዋሪው ጋር ይመካከራል፣ ትንንሽ ጠብ ወደ መዝገብ ሳይሄድ እንዲያልቅ ያደርጋል። ብዙ ሰፈር ላይ ለውጥ አምጥቷል። የቤት ውስጥ ጥቃት የሚደርስባት ሴት ጣቢያ ለመሄድ ባትደፍር እንኳን በስሙ የምታውቀው ፖሊስ አለ። ነገር ግን ያው መዋቅር አንድ ለአምስት ከሚባለው የነዋሪዎች አደረጃጀት ጋር ሲነካካ፣ ማን ሌባ ነው የሚለውን ብቻ ሳይሆን ማን ምን አመለካከት አለው የሚለውንም ሊሰበስብ እንደሚችል ሰው ፈራ። ከቀበሌው ዘመን በኋላ ይህን መፍራት ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ልደታው ችሎት እንመለስና የመርማሪውን ወገን በቅንነት እንስማው። የድሮው የልደታ ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲተከልበት ቤት ብቻ አልፈረሰም፤ ሰው ሰውን የሚያውቅበት ድርም ተበጥሷል። በጌጃ ሰፈር ወይም በሰንጋ ተራ ድሮ አንድ ሌባ ሲያልፍ እናቱን የሚያውቅ አይጠፋም ነበር። ዛሬ ፎቅ ላይ ያለው ተከራይ የጎረቤቱን ስም አያውቅም። ስልክ የነጠቀው ልጅ በሞተር መጥቶ በሞተር ይሰወራል። ተጠርጣሪው ሲያዝ ትክክለኛ አድራሻው አይታወቅም። በዋስ ወጥቶ የቀረ ሰው መዝገብ ተዘግቶ ይቀራል፣ ተበዳይም ተስፋ ቆርጦ ሁለተኛ አይመጣም። ምስክር ይፈራል፤ ተጠርጣሪው ነገ ወጥቶ በሩ ላይ ቢቆም የሚጠብቀው የለም። የተደፈረች ልጅ ጉዳይ ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ ይብሳል። ማስረጃው በቀናት ይጠፋል፣ በአጥቂው ቤተሰብ ሽማግሌ ይላካል፣ ልጅቷና እናቷ በዝምታ እንዲያልፉት ይለመናሉ፤ አልሆን ካለም ይዛታል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ምርመራው ሳያልቅ ልቀቁ የሚል ሰው ከማን ጋር እንደቆመ ራሱን መጠየቅ አለበት።

የመሣሪያ እጥረቱም እውነት ነው። በሰኔ 2010 በመስቀል አደባባይ በተካሄደው ሰልፍ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ለምርመራው ከአሜሪካው ኤፍቢአይ ባለሙያዎች መምጣታቸውን አንባቢ ያስታውሳል። ለታላቁ ጉዳይ እርዳታ ከውጭ መጣ፤ ለአንድ የወረዳ መርማሪ የሚመጣለት የለም። በእጁ ያለው የምስክር ቃል ነው፣ የምስክር ቃል ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ፖሊሱ የሚከፍለውም ዋጋ አለ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተፈጠረውን ግጭት ያጣራው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መገደላቸውን ተናግሯል። የመጀመሪያው ቁጥር የሚያስጠይቀውን ያህል፣ ሁለተኛውም ቁጥር ሰዎች ናቸው።

የሌላው ወገን ክርክር ደግሞ በስሜት ላይ ሳይሆን በተጻፈ ታሪክ ላይ የቆመ ነው። በሚያዝያ 2006 የዞን 9 ጦማርያንና ጋዜጠኞች፣ በጠቅላላ ዘጠኝ ወጣቶች፣ ተያዙ። የተወሰዱት በማሠቃየት ስሙ ወደሚነሣው የምርመራ ማዕከል፣ ወደ ማዕከላዊ ነበር። በጊዜ ቀጠሮ ላይ ጊዜ ቀጠሮ እየተጨመረ ክስ የተመሠረተባቸው ሐምሌ ላይ ነው። አምስቱ በ2007 ዓ.ም. ክረምት ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ። የቀሩትን በሽብር የተከሰሱትን የከፍተኛው ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ይህ ጉዳይ ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ ልደታ ላይ ማስረጃ መዝኖ ነጻ የሚያወጣ ችሎት አለ፤ ይህ መካድ የለበትም። ሁለተኛ፣ ነጻ መባሉ የመጣው ከ17 ወር በላይ እስር በኋላ ነው። ያንን ጊዜ የሚመልስ ፍርድ የለም። በሥራ ላይ የነበረው የጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 በእያንዳንዱ ቀጠሮ ቢያንስ 28 ቀን፣ በጠቅላላውም እስከ አራት ወር ይፈቅድ ነበር። ያ ሁሉ ጊዜ ተሰጥቶ እንኳን ማስረጃው ለፍርድ አልበቃም። ስለዚህ ችግሩ ሁልጊዜ የጊዜ ማነስ ነው ሊባል አይችልም።

ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ ላይም ሕዝብ ገብቶ አየው። መንግሥትም ከእንግዲህ ሳያጣራ እንደማያስር ቃል ገባ። ብዙ ሰው አምኖ ተደስቶ ነበር፤ የሚያስደስትም ቃል ነበር። ሆኖም ማዕከላዊ በተዘጋ በወራት ውስጥ፣ በመስከረም 2011፣ ከአዲስ አበባ ከአንድ ሺህ በላይ ወጣቶች ታፍሰው ወደ ጦላይ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ተወሰዱ። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ አንድ ወር ገደማ «ሥልጠና» ተሰጥቷቸው ተመለሱ። ፖሊስ ያን ጊዜ በከተማዋ የተነሣው ሁከት እንዳይሰፋ መከላከሉን ተናግሯል፤ በቡራዩና አካባቢው ሰው ያለቀበት ሳምንት ነበርና ሥጋቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ግን በጅምላ መታፈስ የአውጫጭኝን ጉድለት ያለ አውጫጭኝ ጥቅም መመለስ ነው። ንጹሑም ጥፋተኛውም አብሮ ይንገላታል፣ መጨረሻ ላይም ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም። ከዚያም ወዲህ ፍርድ ቤት በዋስ የፈታውን ሰው ፖሊስ ይዞ እንደሚያቆይ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ደጋግሞ አስታውቋል። ይህኛውን ልማድ ከፖሊስ ወገን ሆኖ የሚደግፍ ክርክር አላገኘሁለትም። የመሣሪያ እጥረት አያስረዳውም፤ የዳኛን ትእዛዝ ለመፈጸም ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

እንግዲህ እኔ የምደርስበት ይህ ነው። መርማሪው ጊዜ ያስፈልገኛል ሲል አብዛኛውን ጊዜ አይዋሽም። የሚያስፈልገው ጊዜ ግን ሁልጊዜ የሰውዬውን መታሰር አይጠይቅም። ባንክ የሚልከው ወረቀት ተጠርጣሪው ጣቢያ በማደሩ አይፈጥንም። የሐኪም ማስረጃም እንዲሁ። ምስክር የሚፈራበትን፣ ተጠርጣሪው የሚሰወርበትን ወይም ተበዳይን የሚያስፈራራበትን ጉዳይ ከዚህ ለይቶ ማየት ይቻላል፤ በእነዚህ ላይ ቀጠሮ መስጠት ፍትሕ ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ «ምርመራው አልተጠናቀቀም» በሚል ቃል መጠቅለል ነው ጥፋቱ። ልምድ ያላቸው መርማሪዎች ይህን ልዩነት ያውቁታል ብዬ አምናለሁ። ከመያዙ በፊት ማስረጃ የሰበሰበ መርማሪ ችሎት ፊት ቀና ብሎ ይቆማል፤ ይዞ መፈለግ የጀመረው ግን የተጠርጣሪውን አፍ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም። ወደ ማዕከላዊ ዓይነት ምርመራ የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የቀጠና ፖሊስን በተመለከተ፣ አሠራሩ ቢጠናከር እመርጣለሁ። ግን የሚሰበስበው መረጃ ለወንጀል ብቻ እንዲውል በሕግ ይታጠር፤ ከፓርቲና ከወረዳ አስተዳደር ስብሰባ ይውጣ። ነዋሪው ይህን ሲያይ ይናገራል፤ ነዋሪ ከተናገረ ደግሞ መርማሪው 14 ቀን የሚለምንበት ምክንያት ይቀንሳል። ጊዜ ቀጠሮ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ደግሞ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት የተተወ ነው። ይህን ወሰን ማበጀት የሕግ አውጪው ሥራ ነው፤ ከስድሳ ዓመት በላይ ዘግይቷል።

እስከዚያው ድረስ ዋናው ነገር በዳኞች እጅ ነው። አዲስ ሕግ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። መርማሪው ለሁለተኛ ጊዜ ቀጠሮ ሲጠይቅ የምርመራ መዝገቡ ይቅረብ፤ ባለፉት 14 ቀናት ምን እንደተሠራ፣ የቀረው ሥራ ሰውዬው ካልታሰረ ለምን እንደማይሠራ ይጠየቅ፣ መልሱም በመዝገብ ይስፈር። በልደታም ሆነ በሌሎች ምድቦች የምትሰየሙ ዳኞች፣ ይህን አጥብቃችሁ ጠይቁ።